ፀፀትና ቁጭት፦ በኪሊማኒው ዘበኛ ታሪክ ላይ የቀረበ ሂስ



ባለፈው እትማችን ኪሊማኒ ከምትኖር እኅታችን የተላከልንን የዘበኛ ታሪክ አቅርበን ነበር። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ እስኪያልቅ ተነበበ፤ ከየብሎኩም አስተያየት ደረሰን። ከፊሉ አንባቢ «ይበለው! ማን ምረጥ አለው?» ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ «ምስኪን፣ ተታሎ ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የቆሙት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም መራጭ ስለ መረጠው መሪ ኋላ ይፀፀታል ወይ? የሚል ነው። እኛም ታሪኩን ከዚሁ ጥያቄ አንፃር ልንመዝነው ወደናል።

ታሪኩ አጭር ነው። ኪሊማኒ ውስጥ አንድ ፎቅ የሚጠብቅ ኬንያዊ ዘበኛ አለ። ቤቱ ካዋንግዋሬ ነው፤ ማታ በእግሩ መጥቶ በር ላይ ያነጋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 በተደረገው ምርጫ ምልክቱ የእጅ ጋሪ የሆነውን ፓርቲ መርጦ ዊልያም ሩቶን ደገፈ። በጁን 2024 ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ፣ ያን ጊዜ የምርጫ ቀለም የነካውን ጣቱን እያየ ያለቅሳል። ታሪኩም እዚያው ላይ ያበቃል።

በቅድሚያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ጸሐፊዋ ኪሊማኒን የምታውቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በጓዳው ነው። ስሙ በስዋሂሊ «ኮረብታው ላይ» እንደ ማለት ነው፤ ፎቁም ኪራዩም ከፍ ያለ ነው። ካዋንግዋሬ በአንፃሩ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈበት ሰፈር ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚገኙት በዳጎሬቲ ሰሜን የምርጫ ክልል ውስጥ ነው፤ ባለፎቁና ዘበኛው ለአንድ የፓርላማ ወንበር ድምፅ ይሰጣሉ። ጸሐፊዋ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማሳየቷ ከብዙ ገጽ ስብከት ይበልጣል። የደመወዙ ወረቀትም እንዲሁ ነው። ለቤቶች ግንባታ ተብሎ 1.5 በመቶ ተቆርጦበታል፤ እሱ ግን ዝናብ በሚያፈስ ቤት ያድራል። በ2023 የነዳጅ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ ከፍ በማለቱ የማታቱ ሒሳብ አልበቃ ብሎታል፤ በእግሩ የሚመጣውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ፖለቲካው በንግግር ሳይሆን በጫማ ሶል ተጽፏል።

ድክመቱ የሚጀምረው ከለቅሶው ነው። ዘበኛው ለምን መረጠ? ታሪኩ «ተታለለ» ብሎ ያልፈዋል። ሩቶን የመረጡት 7,176,141 ሰዎች ሲሆኑ፣ ይህም 50.49 በመቶ መሆኑ ነው፤ ራይላ ኦዲንጋ 48.85 በመቶ አግኝተዋል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል «ተታለለ» ማለት ለጸሐፊ ይቀላል፤ ለእውነት ግን ይከብዳል። ሩቶ ልጅ ሳሉ መንገድ ዳር ዶሮ ይሸጡ እንደ ነበር እየተናገሩ ሲዞሩ፣ ተቀናቃኛቸው ደግሞ ሥልጣን ላይ በነበሩት በኡሁሩ ኬንያታ ሲደገፉ፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው ጋሪውን ቢመርጥ የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ካላየነው ፀፀቱም ከየት እንደ መጣ አይገባንም። ደግሞስ ከተመዘገበው 22 ሚሊዮን በላይ መራጭ ከሦስት አንዱ ያህል ድምፅ ሳይሰጥ ቀርቷል። ቀለም ያልነካው ጣት በምን ይፀፀት?

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃላት አሉት፤ ፀፀትና ቁጭት። ፀፀት ወደ ራስ ይመለከታል፤ «ምነው ባላደረግሁት» ይላል። ቁጭት ግን ወደ ተወሰደብን ነገር ይመለከታል፤ «እንዴት ይወሰድብኛል?» ይላል። የተፀፀተ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ የተቆጨ ሰው ቀና ብሎ ሒሳብ ይጠይቃል። ጸሐፊዋ ለዘበኛው የሰጠችው ፀፀትን ነው። በዚያው ወር ናይሮቢ አደባባይ ላይ የታየው ግን ቁጭት ነበር። ጁን 25 ቀን 2024 ሰልፈኞች ፓርላማ ገቡ፤ በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ የፋይናንስ ሕጉን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ የኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በጁላይ መጀመሪያ የሟቾቹን ቁጥር 39 አድርሶት ነበር። ይህ ሁሉ ከፎቁ በር ብዙም ሳይርቅ ሲሆን ዘበኛው ጣቱን እያየ ተቀምጧል።

ኬንያውያን ከ2023 ጀምሮ ፕሬዚዳንቱን «ዛካዮ» ማለትም ዘኬዎስ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ጸሐፊዋ ይህን ቅጽል ስም ለሣቅ ብቻ ተጠቅማበታለች፤ በጥልቀት ብትቆፍረው ግን የታሪኳን መጨረሻ ታገኝበት ነበር። በወንጌሉ ከሾላው ዛፍ ወርዶ የተፀፀተው ቀራጩ ራሱ ነው፤ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባውም እሱ ነው። ግብሩን የከፈለው ሕዝብ ይፀፀት ያለ የለም። በታሪካችን ውስጥ ግን ቀራጩ ዛፉ ላይ እንዳለ ከፋዩ ንስሐ ይገባል።

ይህን ጉዳይ የአፍሪካ ደራስያን ቀደም ብለው ነክተውታል። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው «የሕዝብ ሰው» ልንለው በምንችለው ልብወለድ፣ ሕዝቡ ሚኒስትሩ ናንጋ እንደሚሰርቅ ያውቃል፤ አይፀፀትም። በዚያው መጽሐፍ ግን ጆሳያ የተባለ ነጋዴ የአንድ ዓይነ ስውር ለማኝ በትር ሰርቆ ሲገኝ፣ መንደሩ በሙሉ ከሱቁ እየሸሸ በጥቂት ቀናት አከሰረው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ለማኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለመንግሥት ካዝና ግን «የእኔ ነው» የሚል ባለቤት የለም። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ በ1977 ባወጣው «የደም ቅጠሎች» ብለን በምንተረጉመው ልብወለዱ፣ ድርቅ የመታቸው የኢልሞሮግ ሰዎች በአህያ ጋሪ ጓዛቸውን ጭነው የመረጡትን እንደራሴ ፍለጋ ወደ ዋናው ከተማ ይጓዛሉ። የጠበቁትን መልስ አላገኙም፤ ኋላም መንገዱና ባንኩ ሲመጣላቸው መሬታቸው ከእጃቸው ወጣ። ደራሲው ድል አልሰጣቸውም፤ እግር ግን ሰጥቷቸዋል። የእኛ ዘበኛ በየቀኑ ከካዋንግዋሬ ኪሊማኒ የሚመላለስ ብርቱ እግር እያለው ታሪኩ ወደ የትም አልወሰደውም። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 104 መራጮች የፓርላማ አባላቸውን ከዘመኑ በፊት የመመለስ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በዚህ መብት መጠቀም መቻሉ ሌላ ነገር ነው፤ ቢያንስ ሊጠይቅ የሚሄድበት በር ግን አለ።

ከአስተያየት ሰጪዎች አንዱ «የእኛስ 1997?» ሲል ጽፎልናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ተመራጮቹ ከተማውን አልተረከቡም፣ መሪዎቹ ታሠሩ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሲቪሎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዘገበ፤ መሪዎቹ በ1999 ዓ.ም. ከተፈቱ በኋላም ፓርቲው ተከፋፈለ። ያን ጊዜ ተሰልፎ የመረጠ ሰው ዛሬ ሲያዝን «ፀፀት ነው» ቢባል ግማሹ እውነት ይቀራል። ድምፁን የነጠቀውን ኃይል እያሰበ የሚሰማው ሌላ ነው፤ የተጣሉትን መሪዎች እያሰበ የሚሰማው ሌላ ነው። ጥሩ ጸሐፊ እነዚህን ሁለት ሕመሞች አይደባልቅም፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና።

እኛ የካምፑ ነዋሪዎች ይህን ሁሉ ማንበባችን ለምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ስደተኛ በኬንያ ምርጫ ድምፅ የለውም፤ ጥሎት በመጣው አገርም አይሰለፍም። ሌሎች የመረጡት መንግሥት ግን ኑሮአችንን ይወስናል። በሜይ 2016 የኬንያ መንግሥት ዳዳብን እዘጋለሁ ሲል ከእኛ ማንም አልተጠየቀም፤ በፌብሯሪ 2017 ውሳኔውን የሻረው ፍርድ ቤት ነው። በእጃችን ያለው ምርጫ የብሎክ ተወካዮቻችን ምርጫ ነው። የራሽን ሰልፍ ላይ «ምነው ባልመረጥነው» የሚል ድምፅ በየጊዜው ይሰማል። ተወካዩን ጠርቶ ዝርዝሩን አሳየን የሚለው ግን ጥቂት ነው። የሰማነው ነገር ፀፀት ነው፤ የቀረው ቁጭቱ ነው።

ስለዚህ ለእኅታችን የምንሰጠው አስተያየት ይህ ነው። ደመወዝ ወረቀቱንና መንገዱን አትንኪያቸው። ለቅሶውን አሳጥሪው። የ2022ቱን ሰልፍ ጨምሪልን፤ ዘበኛው ያን ቀን ምን ተስፋ አድርጎ እንደ ቆመ ከራሱ አፍ እንስማ። ከለቅሶው በኋላም አንድ ሌሊት ስጪው፤ ፎቁ ተኝቶ እሱ ነቅቶ የሚያስብበትን። ጣት ቢገማ ቆርጠው አይጥሉም ይባላል፤ ያ ቀለም የነካው ጣት ነገ እንደገና ሊመርጥበት፣ ሊጠይቅበት፣ ሊጽፍበት ይችላል።

ታሪኩን እንደገና ጽፋ ከላከችልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ከዚህ ሂስ የማትስማሙም በየብሎካችሁ ላለው የመጽሔታችን ተጠሪ ጽሑፋችሁን ስጡ፤ ወረቀት ያጠረው በዚሁ ገጽ ጀርባ ይጻፍ።