የባሮ አምባዛ

ፈረንሳዮች ቀንድ አውጣን በቅቤና በነጭ ሽንኩርት አብስለው ለክብር እንግዳ ያቀርባሉ። ቀንድ አውጣ ግን ለሁሉም አይጥምም። ጋምቤላ ላይም እንዲሁ አንዱ የሚጓጓለት፣ ሌላው ፊቱን የሚያዞርበት ምግብ አምባዛ ነው፤ ጢማም፣ ቅርፊት አልባ፣ ሙልጭልጭ ዓሣ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ከደጋ የመጣው ብዙ ሰው ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ ዓሣ ይመርጣል። ይህን አከብራለሁ። ግን የአካባቢው አኙዋኮችና ኑዌሮች ለአምባዛ ያላቸው ፍቅርም ሊነገርለት ይገባል።

ክረምቱ አልፎ የባሮ ወንዝ ሙላት ሲሸሽ ሜዳው ላይ ኩሬዎች ይቀራሉ። ብዙ ዓሣ በሚታፈንበት ጭቃማ ውኃ ውስጥ አምባዛ ብቅ እያለ አየር ስቦ ይቆያል፤ ሰው ጦሩን ይዞ የሚወርደውም ያኔ ነው። የተረፈው ሆዱ ተሰንጥቆ በፀሐይ ይደርቃል ወይም በጭስ ይታጠናል። የታጠነው ጠቁሮ፣ ስቡ ቆዳው ላይ ወዝ ሆኖ ሲወጣ ማየት ነው! ሥጋው እሾህ አያበዛም፤ በጣት ሲነኩት በሰፊው ይላቀቃል። ወፍራም መረቁ በበቆሎ ወይም በማሽላ ገንፎ ላይ ሲፈስማ፣ እኔ ከየትኛውም የቆሮሶ ጥብስ አስበልጠዋለሁ።