ስሙ ለጠፋብን ነገር

ጥርት ያለ ሰማይ ስናይ ዓይናችን ፊት የሚዋኙትን ክር መሳይ ጥላዎች በስም የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው። ጎግል ደግሞ ስሙን ካልነገሩት ወዲያና ወዲህ ሊያንከራትት ይችላል። ቻትጂፒቲን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ «ልያቸው ስል የሚሸሹ ክሮች» ብዬ እንደ ወሬ ብነግረው «ፍሎተርስ ይባላሉ» ይለኛል። አንዳንዴ የሌለ ስም ፈጥሮ ይሰጣል፣ ያውም በሙሉ ድፍረት! ስለዚህ ቃሉን ይዤ ወደ ጎግል እመለሳለሁ። የዓይን ሐኪሞች ያዘጋጇቸው ገጾች ያኔ ይመጣሉ፦ ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ከዕድሜ ጋር ሲለወጥ የሚፈጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌላቸው ናቸው። በድንገት ከበዙና ብልጭታ ከታከለበት ግን ሬቲና ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ያስፈልጋል። ቻትጂፒቲና ጎግል ባይተጋገዙ ይህን ማስጠንቀቂያ በምን ስም ፈልጌ አገኘው ነበር?