ፖለቲካል ሳይንስና «አንድ የእኛ ሰው»

በየቤታችን «ምን ልትማር ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነርስነት፣ ሕግ ወይም ኮምፒውተር የሚል መልስ ፊት ያበራል። «መደዔይ መዲና» ሲባል ግን ዝም ይባላል፤ ከዝምታው በኋላ ያቺ የታወቀች አባባል ትመጣለች፦ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ!» እኔ የጋን ያቭኔ ልጅ ነኝ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የምሠራው በዚሁ በፖለቲካል ሳይንስ ነው። እዚህ መተቸት የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ትምህርቱ የሚሰጥበትን መንገድና እኛ ራሳችን ስለ ፖለቲካ የምናስብበትን መንገድ።

መጀመሪያ ለወላጆቻችን ፍርድ እንስጥ። ፍርሃታቸው ከሚያውቁት ነገር የመጣ ነው። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ደርግ የገጠር መሬትን ሲያውጅ፣ በጎንደር ርስት ተከልክለው የኖሩ ቤተ እስራኤሎች በሚያርሱት መሬት ላይ መብት አገኙ። ብዙም ሳይቆይ ኢዲዩ፣ ኢሕአፓና ደርግ በዚያው አገር ተዋጉ፤ ቀይ ሽብርም ተከተለ። አንዱ መንግሥት መሬት ሲሰጥም ልጅ ሲገድልም ያየ ሰው ስለ ሥልጣን የሚያውቀው ነገር አለ እኮ!

ክፍል ውስጥ ግን ይህ እውቀት ቦታ የለውም። ፕሌቶን፣ ሆብስን፣ ማክስ ዌበርን እናነባለን፤ መነበባቸውም ተገቢ ነው። እኛ የምንነሳው «ቅሊታ» ወይም «ተቃውሞ» የሚለው ሳምንት ሲደርስ ነው፤ ያውም የሚጠና ጉዳይ ሆነን። ዌበር ስለ ልማዳዊ ሥልጣን የጻፈው ሲብራራ የቄሶቻችንና የሽማግሌዎቻችን ዳኝነት በምሳሌነት ሲጠቀስ አልሰማሁም። በ1985 ቄሶችና ወጣቶች የ«ትቪላ»ን ግዴታ ተቃውመው ኢየሩሳሌም ከዋናው ረባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ አገር ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ቋንቋውን ገና ያልለመዱ ሰዎች እንዴት እንዲህ ተደራጁ? ይህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ኮርስ ይወጣዋል።

ይሁንና ይኸው ትምህርት ራሳችንን የምንተችበት ጥሩ መሣሪያም ይሰጠናል። ሐና ፒትኪን በ1967 ስለ ውክልና ባሳተሙት መጽሐፍ መምሰልንና መሥራትን ለይተዋል፦ ተወካዩ እኛን ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ መሥራቱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እኛ የቆጠርነው መምሰሉን ነው። በ1996 አቶ አዲሱ መሰለ ከኢትዮጵያ የመጡ የመጀመሪያው የክኔሰት አባል ሆኑ፤ በ2020 ወይዘሮ ፕኒና ታመኖ ሻታ የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱም ትልቅ ቀኖች ነበሩ። የተሰጣቸው ሚኒስቴር ግን የቅሊታው መሆኑን ልብ በሉ። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ቂርያት መላኪ፣ የቤት ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና ወጣ። በዚያ ሰዓት አቶ ሽሎሞ ሞላ ክኔሰት ውስጥ ነበሩ። «አንድ የእኛ ሰው» ላይ መኖሩ ታች ሰፈር የሚሆነውን አላስቀረም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ከ2014 ወዲህ ክኔሰት ለመግባት 3.25 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በ2022 ምርጫ ይህ ከ150 ሺህ በላይ ድምፅ ማለት ነበር። ማህበረሰባችን ሕፃናቱ ሳይቀሩ 170 ሺህ ገደማ ነው። ገደቡ 2 በመቶ ብቻ በነበረበት በ2006 እንኳ አቶ አብርሃም ንጉሤ የመሩት «አቲድ ኤሃድ» አላለፈም። ስለዚህ ክኔሰት የምንገባው ሌላው ፓርቲ በዝርዝሩ ላይ ቦታ ሲሰጠን ነው፤ የሰጠ ደግሞ መንሳት ይችላል።

በከተማ ሞአጻ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እንደ ጋን ያቭኔ ባለ ትንሽ ከተማ አንድ ወንበር የሚያስገኘው ድምፅ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በአካባቢ ምርጫ 17 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል፤ ለክኔሰት 18 መጠበቅ አለበት። ስለ መዋዕለ ሕፃናት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ስለ ማኅበራዊ አገልግሎት የሚወሰነው ብዙ ነገር እዚሁ ቅርባችን ነው። ታዲያ ትምህርቱም እኛም ዓይናችን ኢየሩሳሌም ላይ ብቻ የተተከለው ለምንድን ነው?

«እንጀራ አይሆንም» የሚለውን ትችት አልንቀውም። ይህ ዲግሪ እንደ ነርስነት ፈቃድ አያስይዝም። ለዚህ ነው ከኢኮኖሚክስ ወይም ከሌላ ሙያ ጋር አጣምሮ «ዱ ሁጊ» መማር፣ ስታቲስቲክሱንም አለመሸሽ የሚሻለው። በጀት ማንበብ የሚችል ሰው ሥራም ያገኛል፣ ለሰፈሩም ይጠቅማል።

ለመመዝገብ የምታስቡ ልጆች፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አያቶቻችሁን ስለ መሬት አዋጁና ስለ ረባኑቱ ሰልፍ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁን በክፍል ውስጥ አንሱት፣ ሴሚናር ጻፉበት። ቀጥሎ የከተማችሁ ሞአጻ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስለ ትምህርት በጀት ሲነጋገሩ ሰምታችሁ «ይህን ማን ወሰነው? እንዴትስ ይቀየራል?» የሚል ጥያቄ ካልለቀቃችሁ ትምህርቱ ለእናንተ ነው።