የማትነቅለውን አትምታ

የአርኬድ ሣጥን ስሠራ ሰው የሚያየው ፊቱን ነው፤ ስክሪኑን፣ ጆይስቲኩን፣ ያሸበረቁትን ቁልፎች። እኔ ግን ሣጥኑ በደንብ ተሠርቷል የምለው ኋላውን ከፍቼ ሳየው ነው። ጨዋታውን የሚያጫውተው ኮምፒውተር በሣጥኑ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ የሠሪውን ጥንቃቄ ይናገራል።

የመጀመሪያዬን ስሠራ የአንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ቆርቆሮ ፈትቼ ማዘርቦርዱን በሣጥኑ የጎን ግድግዳ ላይ በቀጥታ በብሎን አሰርኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ ራሙ አስቸገረ። ከፊት ስክሪኑ፣ ከላይ የገመድ ክምር እጄን ከለከሉት። አንድ ራም ነቅሎ ለመመለስ ስክሪኑን ማውረድ ግድ ሆነና ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። መጋዛቸውን ሊወስዱ የመጡት የሰፈራችን አናጢ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ የማትነቅለውን አትምታ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቃል ነው የምሠራው።

ነገሩን የጥንቶቹ የአርኬድ ሠሪዎችም ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጃማ የተባለው የጃፓን አምራቾች ማኅበር ባወጣው ደረጃ መሠረት ኃይሉ፣ ምስሉ፣ ድምፁና ቁልፎቹ ሁሉ 56 መገናኛ ባለው አንድ ሶኬት ያልፋሉ። ጨዋታው ሲሰለች ባለቤቱ ቦርዱን ነቅሎ ሌላ ይሰካል፤ ሣጥኑ እንዳለ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሜም የተባለው ፕሮግራም ከወጣ ወዲህ ደግሞ የእነዚያን ቦርዶች ሥራ ተራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ኮምፒውተሩ ግን ያንን የመንቀል ቅለት ይዞ አይመጣም፤ እሱን የምንጨምረው እኛ ነን።

አሁን ዕቃውን ሁሉ የማስረው በሚሳብ ሰሌዳ ላይ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ቆርጬ በመሳቢያ ሐዲድ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የተለመደው ትልቁ ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ትንሹ 170 በ170 ነው። ትንሹን ብጠቀም እንኳ ሰሌዳውን ለትልቁ እቆርጠዋለሁ፤ ነገ በምን እንደሚተካ አይታወቅምና። የማዘርቦርዱን ቀዳዳዎች መጀመሪያ ካርቶን ላይ በእርሳስ አመልክቼ፣ ከዚያ ሰሌዳውን በትራፓኖ እበሳለሁ። ብሎኑ ከሥር በሮንዴላ ይገባል፤ በእንጨቱና በቦርዱ መካከል የነሐስ እግር ይቆማል። «እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» ብሎ እግሩን መተው ስህተት ነው። ከቦርዱ ሥር የተበየዱት ጫፎች እንደ እሾህ ቆመዋል፤ እንጨት ላይ ሲጫኑ ቦርዱ ይጎብጣል፣ አየርም አያልፍበትም። ሳጠብቅ ካቻቢቴው ሲይዝ ወዲያው አቆማለሁ፤ ከዚያ በላይ አንድ ዙር ቦርዱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ቆርቆሮው ሲወገድ ሁለት አገልግሎቶቹ አብረውት ይሄዳሉ። አንዱ ኧርዝ የምንለው የመሬት ሽቦ ነው። በፋብሪካው ሣጥን ውስጥ ፓወር ሰፕላዩ በቆርቆሮው አማካይነት ብረቱን ሁሉ ከመሬት ጋር ያገናኛል፤ በእንጨት ውስጥ ይህ የለም። ስለዚህ ከፓወር ሰፕላዩ ቀፎ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ስቤ ልጆች እጃቸውን ከሚያሳርፉበት ላሜራ ጋር አስራለሁ፤ የግድግዳው ሶኬትም ኧርዝ እንዳለው እለካለሁ። እዚያ ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነውና በዚህ ላይ ለግምት ቦታ የለም።

ሁለተኛው የአየሩ መንገድ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች ማስገቢያ፣ ከላይ ከኋላ በኩል ወደ ውጭ የሚነፍስ 120 ሚሊ ሜትር ፋን አደርጋለሁ። ለበጋው አቧራ ማስገቢያውን በስስ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ጨርቁም ያለ መፍቻ ወጥቶ የሚታጠብ ነው።

ገመዶቹን ሳስር ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ የሚበቃ ትርፍ እተዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይም የየት እንደሆነ ፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ። ያንን ጽሑፍ የሚያነበው ምናልባት እኔ ሳልሆን ሌላ ጠጋኝ ነው፤ የምሠራውም ለእሱ እጅ ጭምር ነው።

እርስዎም ሣጥን እየሠሩ ከሆነ የኋላውን በር ከመዝጋትዎ በፊት ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ስበው ያውጡት። አንድም ገመድ ሳይወጠር፣ በአንድ ካቻቢቴ ብቻ ከወጣ፣ ሥራዎ አልቋል። ካልወጣ በሩን አይዝጉት።