«የሰሜን ብርሃን ነጸብራቅ» ስለተባለው ስያሜ

ሙኒን ስለተባለችው አነስተኛ የስዊድን ሳተላይት የሚያትት፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ አጭር የትምህርት ጽሑፍ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። ትርጉሙ በጠቅላላው የጠራ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹም የአማርኛን አካሄድ የተከተሉ ናቸው። ይሁን እንጂ የጽሑፉ ዋነኛ ጉዳይ የተሰየመበት ቃል ጽሑፉ ሊሰጥ የፈለገውን ትምህርት የሚያፈርስ ሆኖ ስላገኘነው፣ በዝምታ ማለፍ አልተቻለንም።

ሙኒን 6 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን፣ በኪሩና በሚገኘው የስዊድን የጠፈር ፊዚክስ ተቋም ተማሪዎች ጭምር ተሳትፈው የሠሯት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2000 ከካሊፎርኒያ የመጠቀች ሳተላይት ነበረች። ተግባሯም በዋልታ አካባቢ ሌሊት በሰማይ የሚታየውን ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣትና ብርሃኑን የሚያስከትሉትን ኤሌክትሮኖችና አዮኖች መለካት ነበር። ተርጓሚው ይህን ብርሃን «የሰሜን ብርሃን ነጸብራቅ» ብለውታል።

ነጸብራቅ ከሌላ አካል መጥቶ፣ አንድ ነገር ላይ አርፎ የሚመለስ ብርሃን ነው፤ የመስተዋት ነጸብራቅ፣ የውኃ ነጸብራቅ እንላለን። ስለዚህ ተማሪው ይህን ሲያነብ የፀሐይ ብርሃን በዋልታው በረዶ ላይ አርፎ የተመለሰ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ግምት በጥንት ዘመን በእርግጥ ነበረ፤ ስሕተት ነው። ኤሌክትሮኖች በመሬት መግነጢሳዊ መስክ እየተመሩ ወርደው ከኦክሲጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ፣ የሚያበራው አየሩ ራሱ ነው። አረንጓዴው ቀለም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቀዩ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ኦክሲጅን ይወጣል። ነገሩ ነጸብራቅ ቢሆን ኖሮ ሙኒን የኤሌክትሮን መለኪያ ተሸክማ መውጣት ባላስፈለጋትም ነበር! «ሰሜን» የሚለውም ቢሆን አይበጅም፤ ብርሃኑ በደቡብ ዋልታ አካባቢም ይታያልና።

ታዲያ ምን እንበለው? የላቲኑ «አውሮራ» የንጋት ስም ስለሆነ «ጎሕ» ማለት የሚቃጣቸው አሉ፤ ነገር ግን ይህ ብርሃን በእኩለ ሌሊትም ስለሚታይ ከንጋት ጋር ጉዳይ የለውም። «ወጋገን» የሚሉትን ይበልጥ እንቀርባቸዋለን። ቃሉ ውብ ነው፣ የማታውንም ሰማይ መልክ ያሳያል። ሆኖም ወጋገን ምንጩ ከአድማስ በስተጀርባ የተሰወረ ብርሃን በመሆኑ፣ በፊት በር ያስወጣነውን ነጸብራቅ በጓሮ በር ያስገባብናል። እኛ የምንመርጠው «የዋልታ ፍካት» ነው። አበባ ፈካ፣ ፊቱ ፈካ ስንል ብርሃኑ ወይም ድምቀቱ ከነገሩ ከራሱ የወጣ ነው፤ ዋልታ የሚለውም ሁለቱንም ጫፎች ያቅፋል።

«አዮኖስፌር»ን እንዳለ መተዋቸው ተገቢ ነው። ቃሉ ለእኛም የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ሰማይ ስለሚያልፍ፣ በዚያ ንብርብር ውስጥ የሚፈሰው ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከበላያችን ነው። ሳተላይቷን አንድ ቦታ ላይ «መንኮራኩር» ማለታቸው ግን ሰው ከሚጭነው ተሽከርካሪ ጋር ያደባልቃታል።

በመጨረሻም፣ ሙኒን በስካንዲናቪያ አፈ ታሪክ የኦዲን ቁራ፣ ትርጓሜውም «ትውስታ» ስለሆነ፣ ተርጓሚው በአንድ አንቀጽ «ቁራዋ» ብለዋታል። የተጸውዖ ስም አይተረጐምም። ከዚህም በላይ አማርኛ የቁራ መልእክተኛ የሚለው ሄዶ የሚቀረውን ነው፤ ሳተላይቷም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 ግንኙነቷ ስለ ተቋረጠ፣ አንባቢው ተርጓሚው ያላሰቡትን ሽሙጥ ሊያነብበት ይችላል።