መብትን የማስከበር ክህሎትና የአንጎል ጉዳት፦ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሲመዘን

መግቢያ

በአደጋ ምክንያት በሚደርስ የአንጎል ጉዳት ላይ የሚሰጥ ሕክምና ውጤቱ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ሕይወትን በማትረፍ ነው። ታማሚው ከሰመመን ከነቃ፣ ቁስሉ ከሻረና ቆሞ መራመድ ከቻለ የሕክምናው ሥራ እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። ለቤተሰቡ ግን ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የማስታወስ ችሎታ መዳከም፣ ቁጡነት፣ ቶሎ መድከም፣ ሥራን በራስ ተነሣሽነት ለመጀመር አለመቻል፣ የራስን ጉድለት አለመገንዘብ፣ እነዚህ ሁሉ በዓይን የማይታዩ ጉዳቶች ናቸው። ኒል ብሩክስና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ጽኑ የራስ ቅል ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ቤተሰቦች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ፣ በቤተሰብ ላይ የሚወድቀው ሸክም ከአምስት ዓመት በኋላም እንደማይቃለል አሳይተዋል። ሸክሙ የሚከብደው በሕመሙ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ስለማይታይ ቤተሰቡ በየመሥሪያ ቤቱ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው እያስረዳ መኖር ግዴታው ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ታማሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን መብትን የማስከበር ክህሎት ማስተማር ያስፈልጋል የሚል አስተሳሰብ በተሐድሶ ሕክምና ዘርፍ ተስፋፍቷል። ይህን ሥራ «ጥብቅና» ብሎ መተርጐም የተለመደ ቢሆንም ቃሉ በቂ አይደለም። ጥብቅና የሕግ ባለሙያ ስለ ሌላ ሰው ቆሞ የሚሠራው ሥራ ነው። እዚህ የተፈለገው ግን ባለጉዳዩ ራሱ ወይም ቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ለይቶ እንዲያውቅ፣ ለሚመለከተው ሰው በቃልም በጽሑፍም እንዲያስረዳ፣ የተሰጠውን መልስ እንዲመዘግብና መልሱ ካላረካው ወደ በላይ አካል አቤት እንዲል ማብቃት ነው።

የጥናቱ ይዘት

ይህ ክህሎት በትምህርት የሚገኝ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 «ብሬይን ኢንጁሪ» በተሰኘው የሙያ መጽሔት ታትሟል። የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎችና የቤተሰብ አባላት በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በተዘጋጀ ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ሠለጠነ። ሁለተኛው ቡድን ሥርዓተ ትምህርት ሳይሰጠው እየተሰበሰበ የራሱን መንገድ ራሱ እንዲመራ ተደረገ። በውጤቱም በሥርዓተ ትምህርት የሠለጠነው ቡድን ከሁለተኛው ቡድን በልጦ አልተገኘም።

ጠንካራ ጎኖች

ጥናቱ በመጀመሪያ ሊመሰገን ይገባዋል። በጎ ዓላማ ያላቸው ሥልጠናዎች ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት ሠልጣኞች በመጨረሻው ቀን በሚሞሉት የእርካታ መጠይቅ ነው። እርካታ ግን ክህሎት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሠልጣኞችን ከሌላ ቡድን ጋር ለማነጻጸር መድፈራቸው፣ ይልቁንም የማነጻጸሪያውን ቡድን ባዶ እጁን ሳይተዉ ለጠንካራ ፉክክር ማቅረባቸው፣ በዚህ ዘርፍ ብዙ የማይታይ ጥንቃቄ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ብልጫ አለማሳየቱን ሳይደብቁ ማሳተማቸውም ሌላው ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ያልተመለሱ ጥያቄዎች

ይሁን እንጂ ከዚህ ውጤት የሚወሰደው ትምህርት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። አንደኛ፣ «ብልጫ አልታየም» ማለት «ሁለቱ እኩል ናቸው» ማለት አይደለም። ብልጫን ለማሳየት የተነደፈ ጥናት ብልጫ ሳያገኝ ሲቀር እኩልነትን አረጋገጠ አይባልም። ስለሆነም «ሥልጠና አያስፈልግም፣ ሰዎችን ማሰባሰብ ብቻ ይበቃል» የሚል መደምደሚያ ከጥናቱ በላይ የሄደ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ቡድኖች የተሰበሰቡ ነበሩ። በመሆኑም ንጽጽሩ በአንድ የመሰባሰብ ዓይነትና በሌላው መካከል እንጂ በመሰባሰብና ብቻውን በቀረ ቤተሰብ መካከል አልነበረም። በየቤቱ ለብቻው የሚታገለው ቤተሰብ ምን ያህል ይጠቀም እንደነበር በዚህ አካሄድ ማወቅ አይቻልም። ለዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ለእንዲህ ያለ ሥልጠና ፈቅዶ የሚመዘገብ ሰው አስቀድሞ ለመናገር የተነሣሣ ሰው ነው። የአንጎል የፊት ክፍል ጉዳት የሚነጥቀው ደግሞ ይህንኑ ተነሣሽነት ነው። ማቀድ፣ ቀጠሮ ማስታወስ፣ ቁጣን መቆጣጠር፣ የአድማጭን ስሜት ማንበብ ለተሟጋች የሚያስፈልጉ ችሎታዎች ናቸው፤ በጉዳቱ የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ትምህርቱ አጥብቆ የሚያስፈልገው ሰው ወደ ትምህርቱ ለመምጣት ከሁሉ የበለጠ የሚቸገረው ይሆናል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የድምፅ ባለቤትነት ነው። ታማሚና ቤተሰብ በአንድ አዳራሽ ቢሠለጥኑም ጥቅማቸው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ታማሚው ወደ ሥራ መመለስ ሲሻ ቤተሰቡ ጡረታውን ሊያስቀድም ይችላል። ታማሚው ለብቻው መውጣት ሲፈልግ ቤተሰቡ ይፈራል። ቤተሰቡ አንደበተ ርቱዕ በሆነ ቁጥር የታማሚው ዝግ ያለ ንግግር ይበልጥ ሊዋጥ ይችላል። ስለሌላ ሰው መናገርን ያስተማረ ሥልጠና፣ መቼ ዝም ብሎ ማዳመጥ እንደሚገባም ካላስተማረ ጎደሎ ነው።

ታሪክ የሚያስረዳው

የአሜሪካው ንቅናቄ የተነሣው ከሥርዓተ ትምህርት አልነበረም። ማሪሊን ስፒቫክ ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1975 በመኪና አደጋ ጽኑ የአንጎል ጉዳት ከደረሰባት በኋላ ተገቢውን አገልግሎት ፍለጋ ደከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም ከባለቤታቸውና ከሌሎች ጋር በማሳቹሴትስ የብሔራዊ የራስ ጉዳት ፋውንዴሽንን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1996 የአንጎል ጉዳትን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ ወጣ። በ2000 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ለጉዳተኞች የመብት ጥበቃና የጥብቅና አገልግሎት ድጋፍ የሚሰጥበት መንገድ ተከፈተ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። የቤተሰቦች መሰባሰብ ኃይል እንዳለው ያሳያል። በሌላ በኩል ግን ቤተሰቦቹ ራሳቸው የጮኹለት ነገር ጩኸቱን ከትከሻቸው የሚያወርድ ተቋም ነበር። መብትን ማስከበር ለዘለዓለም የታማሚው የቤት ሥራ ሆኖ እንዲቀር አልፈለጉም። ሥልጠና የአገልግሎት ምትክ ሆኖ በቀረበ ጊዜ «አልተሰጠህም» የሚለው እውነት «አልጠየቅህም» ወደሚል ወቀሳ ይለወጣል።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ያለው ፋይዳ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋም የሚውል ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የጉዳቱን መጠን የመወሰን ኃላፊነት ለሐኪሞች ቦርድ ይሰጣል።

እዚህ ላይ የጤና ባለሙያው ድርሻ ግልጽ ይሆናል። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት «የራስ ቅል ጉዳት፣ ተሽሎት ወጥቷል» ብቻ የሚል ከሆነ የትኛውም የንግግር ክህሎት ያንን ወረቀት አያሸንፍም። ታማሚው በቦርድ ፊት ቀርቦ ስሙንና አድራሻውን አስተካክሎ ቢናገር ጤነኛ ይመስላል። የነገሩትን ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደሚረሳ፣ ምድጃ ለኩሶ እንደሚሄድ፣ በጥቂት ጫጫታ እንደሚቆጣ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ የሚያውቀው በሐኪም ተመርምሮ በጽሑፍ ካልሰፈረ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ከወጪ ይልቅ ትጋት የሚጠይቁ ጥቂት ተግባራት ሊጀመሩ ይችላሉ። የመውጫው ማጠቃለያ የማስታወስ፣ የባሕርይና የዕለት ተግባር ችግሮችን በስም ለይቶ መጥቀስ ይገባዋል። ቤተሰቡ በቤት ያየውን ከነቀኑ በደብተር እየመዘገበ በቀጠሮ ቀን እንዲያመጣ ቢነገረው፣ ታማሚው ይጠቀምበታል፤ ሐኪሙም እንዲሁ። ጥያቄ ሲቀርብ ቤተሰቡ ከመመለሱ በፊት ታማሚው በራሱ ፍጥነት እንዲመልስ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ቤተሰቦች በአንድ የክትትል ቀን ቀጥሮ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ማስተዋወቅም ይቻላል። በእድርና በማኅበር ተሰባስቦ ችግርን መካፈል ለለመደ ኅብረተሰብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማጠቃለያ

የሜዮ ክሊኒክ ጥናት ትልቁ ጥቅም የሥልጠና ሰነድን ማዘጋጀት እንደ ግብ መቁጠር እንደማይገባ ማስታወሱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ፣ እንደ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጥናቶች፣ ተናጋሪውን መዝኖ አድማጩን ሳይመዝን መቅረቱ ነው። አቤት ባይን ማሠልጠን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አቤቱታው የሚቀርብለት ሐኪም፣ ነርስ፣ የቦርድ አባልና አሠሪ የማይታየውን ጉዳት ማየት ካልተማሩ ሥልጠናው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ቀጣዩ ጥናት በሌላኛው ወገን ያለውን ጆሮ ቢመዝን ይበልጥ ይጠቅማል።