ማይቴ ማርቲን፦ ሳይጮኹ ማልቀስ

ፍላሜንኮ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ቀይ ቀሚስ፣ ወለል የሚደበድብ ጫማ እና ጊታር ነው። የሙዚቃው ባለቤቶች ግን እምብርቱ ዘፈኑ ነው ይላሉ፤ ካንቴ ይሉታል። በካንቴ ዓለም ውስጥ አንድ የቆየ እምነት አለ፦ ሐዘን እውነተኛ የሚሆነው ድምፅ ሲሻክርና ሲሰነጠቅ ነው የሚል። ማይቴ ማርቲንን የምወዳት ይህን እምነት ዕድሜ ልኳን በዘፈን ስለሞገተችው ነው።

የተወለደችው በ1965 ባርሴሎና ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባርሴሎና የፍላሜንኮ አገር ከምትባለው ከአንዳሉሲያ ሩቅ ናት። ቢሆንም ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን የፈለሱ ብዙ አንዳሉሲያውያን ዘፈናቸውን ይዘው መጥተውባታል፤ ታላቋ ዳንሰኛ ካርመን አማያም የተወለደችው እዚያው ነው። ማይቴ ግን ሂታኖ፣ ማለትም ከስፔን ሮማ ሕዝብ ወገን አይደለችም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ1962 የካንቴን የወርቅ ቁልፍ የተሸለመው አንቶኒዮ ማይሬና፣ የጥልቁ ዘፈን ምንጭ ሂታኖዎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ አስፋፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ድምፅ ያለው ዘፋኝ “ቆንጆ ነው፣ ግን አያምም” መባሉ የተለመደ ሆነ።

እሷ የተከተለችው ሌላኛውን የዘር ሐረግ ነው። ሂታኖ ያልነበረው የሄሬዙ አንቶኒዮ ቻኮን በከፍታ በሚንሳፈፍ፣ በጠራ ድምፅ ይዘፍን ነበር። ማይቴ በ1987 በማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ በላ ኡኒዮን “የቆፋሪው ፋኖስ” የሚባለውን ትልቅ ሽልማት ወሰደች። በ1989 ደግሞ በኮርዶባው ብሔራዊ ውድድር በራሱ በቻኮን ስም የተሰየመውን አሸነፈች። የቆፋሪዎቹ ዜማዎች ቋሚ ምት የላቸውም። ጭብጨባ የለ፣ የሚደበቁበት ከበሮ የለ፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ይዞ ብቻውን ነው። ስለዚህ “ካንቴ ስላቃታት ወደ ቦሌሮ ሸሸች” የሚል ካለ መልሱ እዚህ አለ።

ወደ ቦሌሮ የገባችው በ1996 “ፍሪ ቦሌሮስ” በተባለው አልበም ነው። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ዓይነ ስውሩ የባርሴሎና ጃዝ ሊቅ ቴቴ ሞንቶሊዩ ነበር፤ በዓመቱ አረፈ። ቦሌሮ ኩባ ተወልዶ ሜክሲኮ ውስጥ የጎለመሰ የፍቅር ዘፈን ነው። ብዙ ዘፋኞች በእንባና በቫዮሊን ያጥለቀልቁታል። ከፍላሜንኮ የሚመጡት ደግሞ በድምፅ እርግብግቢት ያስጌጡትና “ውህደት” ብለው ይሸጡታል።

ማይቴ ሁለቱንም አላደረገችም። ቦሌሮን እንደ ቦሌሮ ነው የምትዘፍነው፤ ለንግግር በቀረበ ድምፅ፣ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብላ። ቴቴ ክፍተት ሲተውላት እሷም ዝም ትላለች። ከፍላሜንኮ ይዛ የመጣችው ጌጡን አይደለም፤ አንድ ቃል ምን ያህል ዝምታ እንደሚሸከም ማወቅን ነው። ለኔ ይሄ ከየትኛውም ድብልቅ ይበልጣል፤ ሁለቱ ሙዚቃዎች ሳይጨፈላለቁ በአንድ ሰው ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ።

ሁሌ ይሳካላታል ማለቴ አይደለም። በ2008 ከላቤክ እህቶች ሁለት ፒያኖዎች ጋር በሠራችው “ዴ ፉዌጎ ኢ ዴ አጉዋ” ላይ ነገሩ ከሚገባው በላይ የለሰለሰ ይመስለኛል። ንጹሕ ድምፅ የሚፋጭበት ነገር ይፈልጋል፤ የጊታሪስት ጥፍር ክር ላይ ሲቧጭር የሚሰማው ዓይነት። በ2000 ባወጣችው “ኬሬንሲያ” ጊታሩ ያንን ሻካራነት ይሰጣታል፤ እዚህ ግን ሁሉም ስለሚያበራ ቁስሉ የት እንዳለ ይጠፋል። ቁጥብነት ዋጋ አለው፤ አንዳንዴ ከጥንቃቄ መለየት ያቅታል።

ለምን ይሄን ያህል እጨቃጨቃለሁ? ጥያቄው ከሙዚቃ ስለሚያልፍ ነው። ለቅሶ ቤት ደረቷን ያልመታችን ሴት “አልከፋትም እንዴ?” ብለው የሚያሙ ሰዎችን ሁላችንም ሰምተናል። ስልካችን ላይም ብዙ የሚታየው ካሜራ ፊት የተንሰቀሰቀው ነው። ጮክ ያላለ ሐዘን ምስክር የለውም። ማይቴ ግን ራስን መግዛት የስሜት ማነስ እንዳልሆነ ታሳያለች፤ የያዘችው ነገር ከባድ ስለሆነ ነው ቀስ ብላ የምትራመደው።

ለመጀመር የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ “ኬሬንሲያ”ን ስሙ፤ ጉልበቷን ታውቃላችሁ። ከዚያ “ፍሪ ቦሌሮስ”ን አስከትሉ። መጮህ እንደምትችል ካወቃችሁ በኋላ፣ ላለመጮህ መምረጧ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።